የሴራ ትንተናና የምድር ገነት ተስፋ፦ ወጣት ወንዶች ለምን ይሳባሉ?

አንድ ወጣት «ይህን ዓለም የሚዘውሩት የተደበቁ ጥቂት ሰዎች ናቸው» ማለት ሲጀምር፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት ፍርድ አንድ ነው፤ አላወቀም፣ አላነበበም፣ አታለሉት ይባላል። ፍርዱ ለተናጋሪው ይቀላል፤ ልጁን ለመመለስ ግን አይጠቅምም። ትምህርት የሴራ ዝንባሌን በአማካይ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በሚገባ የተማሩና አእምሯቸው ስል የሆነ ወጣቶችም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ሲወድቁ ታይተዋል።

ኦም ሺንሪክዮ የሚባለው የጃፓን የሃይማኖት ቡድን ማርች 20 ቀን 1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለውን የነርቭ መርዝ ለቀቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተጎዱ። ለቡድኑ ሳሪን ይቀምም የነበረው በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ ወጣት ነው። መርዙን ይዘው ባቡር ከተሳፈሩት መካከል የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪምና ፊዚክስ ያጠኑ ወጣቶች ነበሩ። መሪያቸው የሰጣቸው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ሻምባላ ብሎ የሰየመው፣ ከጃፓን ተነሥቶ ዓለምን የሚያዳርስ የምድር ገነት ዕቅድ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ጠላቶቻችን በስውር መርዛማ ጋዝ እየረጩብን ነው» የሚል ክስ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የሴራ ትንተና «የሚገባህን ማን ወሰደብህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ የምድር ገነት ተስፋ ደግሞ «እንዴት ታስመልሰዋለህ?» ለሚለው። ሁለቱም ከመረጃው በፊት ለወጣቱ የሚያቀርቡለት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ድርሻ ነው። ማንም ያልጠራውን ልጅ ይጠሩታል፤ ተመልካች የነበረውን ተዋጊ፣ ተማሪ የነበረውን ገላጭ ያደርጉታል። እኔ የማምነው ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ እንደሆነ ነው። ስለ መረጃው ብቻ ስንከራከር ልጁ የያዘውን ነገር ሳንነካው እናልፋለን።

በእርግጥ የወንዶች ጉዳይ ነው ወይ? በከፊል። ኮሮናን በተመለከተ በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ወንዶች ከሴቶች ይልቅ የሴራ ትንተናዎችን ተቀብለው አግኝቷል። በሌሎች ርእሶች ግን በጾታዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሹኑ አይታይም። ጎልቶ የሚለየው ከእምነቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ቡድን ማቋቋም፣ ገንዘብን በሙሉ ማፍሰስ፣ መሣሪያ ማንሳት። እዚህ ላይ ወጣት ወንዶች ይበዛሉ። ማርጎ ዊልሰንና ማርቲን ዴሊ በ1985 እንዳሳዩት፣ ወጣት ወንዶች በአደጋ ደፋርነትና በእርስ በርስ ጠብ ከሌላው ሁሉ ልቀው ይገኛሉ፤ ከጀርባውም ብዙ ጊዜ በእኩዮች መካከል ስምና ቦታ የማግኘት ፉክክር አለ። ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ በ2021 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ዝንባሌው ከፍ ማለት የሚጀምረው በ14 ዓመት ገደማ መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ ነገሩ ወደ 20ዎቹ ሲገባ የሚጀምር አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ መንገድ ሄዷል።

ለዚህ ዝንባሌ መሬቱን የሚያለሰልሱለት ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ነገሮች ከእጅ መውጣታቸው ነው። ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ በ2008 ሰዎች ነገሮች ከቁጥጥራቸው ውጭ እንደሆኑ እንዲሰማቸው ካደረጉ በኋላ፣ በነጠብጣብ የተሞሉ ብዥታ ሥዕሎችን አሳዩአቸው። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ውስጥ ደብዛዛ ቅርጽ ነበር፤ ሌሎቹ ባዶ ነበሩ። ቁጥጥር ያጡት ሰዎች በባዶዎቹም ውስጥ ቅርጽ አየን ማለትን አበዙ። ይህ ሙከራ በየቦታው ይጠቀሳል፤ ነገር ግን በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ውጤቱ አልተገኘም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በእሱ ላይ ማቆም ልክ አይመስለኝም።

የተሻለ መሠረት ያለው መገለል ነው። በ2017 በወጣ ጥናት ከማኅበራዊ ቡድን የመገለል ስሜት ያደረባቸው ሰዎች ተራ ግጥምጥሞሽ ውስጥ ትርጉም መፈለግን አበዙ፤ ወደ ሴራ ትንተናም ይበልጥ አዘነበሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለማንም ግልጽ ነው። ወጣቱ የሴራውን ወሬ ሲናገር ቤተሰብና ጓደኛ ይርቁታል፤ ሲርቁት ይበልጥ ይገለላል፤ ሲገለል የሚሰሙት በሴራው የሚያምኑት ብቻ ይሆናሉ። በዚያው ዓመት የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ከሌላው የተለየ ሆኖ የመታየት ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ለሴራ ትንተና ይበልጥ ቅርብ መሆናቸውን አሳይቷል። «ሌላው የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ» የሚለው ስሜት በትምህርት፣ በገንዘብም ሆነ በፍቅር ገና ምንም ላላገኘ ወጣት ትልቅ ማዕረግ ነው። በነጻ ይሰጠዋል፤ ፈተናም የለውም።

ሌላው የአእምሮ ልማድ ነው። ትልቅ ውጤት ትልቅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብለን እናስባለን። በ1979 ክላርክ ማኮሊና ሱዛን ጃክስ ለሰዎች አንድ ፕሬዝዳንት የተተኮሰበትን ታሪክ ሰጡ፤ ፕሬዝዳንቱ በሞተበት ታሪክ ላይ ሴራ አለ የሚሉት፣ ጥይቱ ሳይመታው ከቀረበት ይልቅ በዙ። ተኳሹ ያው ነው፣ ጥይቱም ያው ነው። ይህ ልማድ በሁላችንም ውስጥ አለ። ወጣቱ ላይ የሚጠነክረው የገዛ ሕይወቱ ውድቀት ለእሱ ትልቅ ስለሆነ ነው። «ሥራ ያላገኘሁት የተማርኩት ሙያ ገበያ ስለሌለው ነው» የሚለው ምክንያት ለደረሰበት ሐዘን ያንስበታል።

ወደ ሴራ ትንተና አገባቡ ደረጃ አለው፤ ደረጃውን ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ነው እንጂ እምነት አይደለም፤ «ይህን አስተውለሃል?» ይባላል። ቀጥሎ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ይመጣል። ከመቶ ነጥቦቹ ጥቂቶቹ እውነት ናቸው፤ ልጁ የሚያጣራውም ብዙውን ጊዜ እነዚያን ነው። ሦስተኛው የቡድን ውይይት ነው፤ እዚያ ስሙን የሚጠሩ፣ ሌሊት ሲጽፍ የሚመልሱለት ሰዎች ያገኛል። አራተኛው ደረጃ ላይ ሥራ ይሰጠዋል፤ «አንተም መርምር፣ ያገኘኸውን አምጣ» ይሉታል። ከሁሉም የሚይዘው ይህ ነው። የሰማውን ሰው ሊተወው ይችላል፤ ራሱ ለሳምንታት ለፍቶ ያገናኘውን ነገር መተው ግን የራሱን ልፋት መካድ ይሆንበታል። አምስተኛው ክህደትን መፈለግ ነው፤ የሚጠራጠር ጓደኛ «ተገዝቷል» ይባላል።

በ2017 ኦክቶበር አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የጀመረውን ኪውአኖን የተባለ የሴራ እንቅስቃሴ ብንወስድ ይህ አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንነቱን የሸሸገው ጸሐፊ በመጀመሪያው ጽሑፉ የአሜሪካ ፖለቲከኛዋ ሂላሪ ክሊንተን ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ትታሰራለች የሚል ትንቢት አወጣ። ቀኑ አለፈ፤ ማንም አልታሰረም። እንቅስቃሴው ግን ከዚያ በኋላ ነው የፋፋው። ምክንያቱም ከትንቢቱ ይልቅ ጥያቄ፣ አጭር ኮድና ግማሽ ዓረፍተ ነገር መወርወር ተለመደ፤ ትርጉሙን ተከታዮቹ ይሙሉት ተባለ። ትርጉሙ ሲከሽፍ የተሳሳተው ተርጓሚው እንጂ ጸሐፊው አይሆንም። ተርጓሚዎቹም ሲሳሳቱ አልተዉም፤ እንደገና ለመሞከር በረቱ።

ዲሴምበር 4 ቀን 2016 ደግሞ አንድ የ28 ዓመት ወጣት ጠብመንጃ ይዞ ለሰዓታት መኪና እየነዳ ዋሽንግተን ወደሚገኝ ፒዛ ቤት ሄደ፤ በምድር ቤቱ ልጆች ታግተዋል የሚለውን የኢንተርኔት ወሬ አምኖ ነበር። ቤቱ ውስጥ ተኮሰ፤ የተዘጋ በር ከፍቶ ፈለገ፤ ልጅም አላገኘም፣ ምድር ቤትም አልነበረም። እጁን ሰጠ። ሰው አልሞተም፤ እሱ 4 ዓመት ተፈረደበት። ይህንን ታሪክ ደጋግሜ የማነሣው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰውዬው የሄደው ለማዳን ነው። ልጆች ተይዘዋል ሲባል ሌላው ተቀምጦ ያነብባል፣ እሱ ተነሣ። ለሰው መድረስን የሚያህል መልካም ፍላጎት ነው የተሰረቀበት። ከእንዲህ ዓይነት ወጣት ጋር ስናወራ ይህንን ፍላጎቱን አብረን ከናቅነው ሌላው ንግግራችን ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ምድር ገነቱ ስንመጣ ታሪኩ ረጅም ነው። ብሪታንያዊው ባለ ፋብሪካ ሮበርት ኦወን በ1825 በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኒው ሃርመኒ የተባለ የጋራ ኑሮ መንደር ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ሐሳበኛ ሞላ፤ ገበሬና የእጅ ባለሙያ አነሰ፤ የመተዳደሪያ ደንቡ በየጊዜው ተቀየረ። ፈረንሳዊው አሳቢ ሻርል ፉሪዬ ደግሞ ፍጹም የሆነ ማኅበረሰብ 1,620 ሰው ሊኖረው ይገባል ብሎ አስልቶ ነበር፤ በእሱ ሐሳብ የተመሠረቱት የአሜሪካ መንደሮች አብዛኞቹ ጥቂት ዓመታት እንኳ አልቆዩም። ሪቻርድ ሶሲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ 200 ያህል የአሜሪካ የጋራ መንደሮችን አነጻጽሮ፣ በሃይማኖት የተመሠረቱት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደቆዩ አሳይቷል። እነዚያ ከአባሉ ጾም፣ አለባበስ፣ የዕለት ሥርዓት ይጠይቁ ነበር። ወጣት ከባድ ነገር ሲጠየቅ ይሸሻል የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ የሚስበው ብዙ ጊዜ መጠየቁ ራሱ ነው።

የዘመናችን የምድር ገነት መንደር አይፈልግም። በ2021 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አሜሪካ ውስጥ ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉ ወንዶች 43 በመቶው በክሪፕቶ ገንዘብ (ባንክ ሳይገባበት በኢንተርኔት በሚዘዋወር ዲጂታል ገንዘብ) ኢንቨስት እንዳደረጉ፣ እንደነገዱ ወይም እንደተጠቀሙ አገኘ፤ በዚያው ዕድሜ ካሉ ሴቶች 19 በመቶው ብቻ ናቸው። ሁሉም ገነት ፈላጊ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ትርፍ ፈላጊ ነው። ነገር ግን ባንክና መንግሥት የማያስፈልጉበት ዓለም እየመጣ ነው የሚለው ስብከት አብሮ ይሸጥ ነበር። በሜይ 2022 ቴራና ሉና የተባሉት የክሪፕቶ ሳንቲሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋቸውን አጥተው ሲወድቁ፣ ንድፉ ራሱ የማይቆም መሆኑን ከማየት ይልቅ «ትልልቆቹ ሆን ብለው ጣሉን» የሚለው ወሬ ወዲያው ተነሣ። ማጠፊያው ይህ ነው። ገነቱ ሲፈርስ ሴራው መጥቶ ያብራራዋል፤ ሴራው ሲያስጨንቅ ደግሞ አዲስ ገነት መጥቶ ያጽናናል። አንድ ወጣት ሁለቱን እየተፈራረቀ ለዓመታት ሊዞር ይችላል።

የምድር ገነት ዕቅድን ለመመዘን የምመክረው ጥያቄ ሦስት ነው። ቆሻሻውን ማን ያነሣል፣ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ማን ይዳኛል፣ የማይስማማ ሰው ንብረቱን ይዞ እንዴት ይወጣል? ሦስተኛው ላይ መልስ የሌለው ዕቅድ አደገኛ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ሊሻሻሉ ይችላሉ።

እውነተኛ ሴራ መኖሩን ካልተቀበልን ከልጁ ጋር አንድ እርምጃ አንራመድም። ከ1932 እስከ 1972 አሜሪካ ውስጥ፣ ተስኪጊ በተባለች ከተማ፣ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን 400 ያህል ጥቁር ወንዶች በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ለማየት ብሎ ሳያክማቸው ቆየ፤ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ። የትምባሆ ኩባንያዎች ከ1953 መጨረሻ ጀምሮ የሲጋራን ጉዳት ለማድበስበስ ተባብረዋል። ስለዚህ «እሳት ሳይኖር ጭስ የለም» ሲል «ልክ ነህ፣ አንዳንዴ አለ» ማለት ይገባል። ቀጥሎ እነዚህ እንዴት እንደታወቁ ማየት ነው። ተስኪጊን ያጋለጠው የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ፒተር በክስተን ነው፤ ትምባሆን ያጋለጡት የኩባንያዎቹ የገዛ ሰነዶችና የፍርድ ቤት ክሶች ናቸው። እውነተኛ ሴራ ዓላማው ጠባብ ነው፤ ገንዘቡ ወይም ጥቅሙ ይታወቃል፤ ወረቀት ይተዋል፤ በጊዜ ብዛት ከውስጥ ይፈስሳል። ዴቪድ ግራይምስ በ2016 ባወጣው ስሌት የጨረቃ ጉዞ ውሸት ቢሆን ኖሮ ምስጢሩን 411,000 ያህል ሰው መጠበቅ ነበረበት፤ እንዲህ ያለው ምስጢር ደግሞ በ4 ዓመት ውስጥ ይወጣ ነበር። ስሌቱ ግምት ነው፤ ግን ሰዎቹን መቁጠርን ያስተምራል።

አሁን ወደ ንግግሩ። ለብቻ ይሁን፤ ሌላ ሰው ባለበት ማንም ሐሳቡን አይለውጥም። እየተራመዱ ወይም አብረው እየሠሩ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይሻላል። በአንድ ጊዜ አንድ አባባል ብቻ ይነሣ፤ ልጁ ወደ ሌላ ሲዘልል «እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው፣ ይህን እንጨርስ» ማለት። መጀመሪያ «ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?» ተብሎ ይጠየቅ። 8 ካለ «ለምን 10 አላልክም?» ይባላል። ያን ጊዜ ጥርጣሬውን የሚናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ከእናንተ አፍ ቢወጣ ኖሮ ይዋጋው ነበር።

ከዚያ «ለምን» የሚለውን ትቶ «እንዴት» መጠየቅ። «እስቲ ደረጃ በደረጃ አስረዳኝ፤ መጀመሪያ ማን ለማን ነገረ? ስንት ሰው ያስፈልጋል? ደሞዛቸውን ማን ይከፍላል? አንዱ ሊሞት ሲያጣጥር ለምን አይናገርም?» ሮዘንብሊትና ኪል በ2002 እንዳሳዩት ሰው አንድን ነገር በሚገባ ያወቀ ይመስለዋል፤ አሠራሩን እንዲዘረዝር ሲጠየቅ ግን በራሱ ያለው እምነት ይቀንሳል። ጥያቄው የሚሠራው በእውነት ለማወቅ ከተጠየቀ ነው፤ ድምፁ የመርማሪ ከሆነ ልጁ ወዲያው ይዘጋል። ትንቢት ካለም ከነቀኑ በሁለታችሁ እጅ ይጻፍ፤ ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱ ይወጣል። ያለ ጽሑፍ ግን «እንዲህ አላልኩም» ይመጣል፤ ይህን ሲል እያታለለ ላይሆን ይችላል፣ ትዝታ ይቀየራልና። የማታውቁት ነገር ሲነሣ «አላውቅም፣ አይቼ እነግርሃለሁ» በሉ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ተመለሱ። አለመመለስ የተጀመረውን ሁሉ ያበላሻል።

ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎች ስለሚያምኑት ሴራ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አጭር የጽሑፍ ውይይት እንዲያደርጉ አድርጎ፣ እምነታቸው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ከሁለት ወር በኋላም እንደቀነሰ ነበር። የሠራው እያንዳንዱ ሰው ላቀረበው ዝርዝር ነጥብ የተለካ መልስ መሰጠቱ ነው። ሃያ ሊንክ በአንድ ጊዜ መላክ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እሱ ያነሣውን ነጥብ አይመልስም፣ የሚነግረውም «አልሰማሁህም» የሚለውን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ መቅደም ነው። ጆሊና ዳግላስ በ2017 ስለ ክትባት ባደረጉት ጥናት ትክክለኛው መረጃ ከሴራው በፊት ሲሰጥ ሰዎችን ጠበቀ፤ ከሴራው በኋላ ሲሰጥ ግን ጉዳቱን አልመለሰውም። ስለዚህ ማታለያዎቹን፣ ጥያቄ መስለው የሚመጡትን ጨምሮ፣ ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ ማሳየት ለ22 ዓመት ወጣት ከመከራከር ይቀላል።

መሳለቅ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ መክበብ፣ ስልክ መንጠቅና «ተሳስቼ ነበር በል» ማለት ደጋግመው የሚበላሹ መንገዶች ናቸው። አራቱም ቡድኑ አስቀድሞ የነገረውን ያረጋግጡለታል፤ «የቅርብህ ሰዎች ይነሡብሃል» ብለውት ነበር። መታገሥ የማይገባበት ጊዜም አለ። ቀን እየቆረጠ ስለ ጥፋት ማውራት ከጀመረ፣ ሰዎችን እንደ ተባይ ከጠራ፣ መሣሪያ ከፈለገ፣ ንብረቱን ሁሉ ከሰጠ ወይም ስንብት የሚመስል ቃል ከተናገረ፣ ክርክሩ ይቁምና የሚመለከተው ባለሙያና የጸጥታ አካል ይጠራ።

ከጽንፈኛ ቡድኖች የሚወጡትን የሚረዱ ፕሮግራሞች በስዊድን በ1998፣ በጀርመን በ2000 ተጀምረዋል። ከሚወጡት ብዙዎቹን ያወጣቸው የተሸነፈ ክርክር አይደለም። ጓዶቻቸው የሚሰብኩትን ሳይኖሩት ሲያዩ፣ ሲደክማቸው፣ የሚወዱት ሰው ወይም ልጅ ሲመጣ ነው የሚወጡት። ስለዚህ በር መክፈቱ ከክርክሩ እኩል ሥራ ነው። ሰው በእውነት የሚጠብቀው ቦታ ይሰጠው፤ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ማስጠናት፣ የእግር ኳስ ቡድን ዕቃ መያዝ፣ የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛነት ሊሆን ይችላል። ቢቀር የሚጎድል ሥራ መሆን አለበት፤ ለማስደሰት የተፈጠረ ሥራን ወጣት ወዲያው ያውቀዋል።

ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ባዶ ናቸው። ማታ ማታ የሚያወራቸው ሰዎች የሉም፤ በቀን ለስድስት ሰዓት የያዘው ሥራ ጠፍቷል። ቴድ ጎርትዘል በ1994 እንዳሳየው በአንድ ሴራ የሚያምን ሰው በሌላውም የማመን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ቀላል ነው። የድሮውን ስህተት እየቆጠሩ ይቅርታ እንዲጠይቅ ማስገደድ ወደዚያ ይገፋዋል። አዲስ ስም፣ አዲስ ቪዲዮ፣ አዲስ መምህር ማንሳት ሲጀምር ይዘቱን ከመተቸት በፊት መጠየቅ ያለበት «እዚያ ማን አለህ? ምን ሥራ ሰጡህ?» የሚለው ነው።